የክሪኬት ባት ስትገዙ ከዓይናችሁ በፊት እጃችሁን ስሙ

እንግሊዝ አገር ሊድስ ከተማ ከገባሁ 11 ዓመት ሆነኝ። ክሪኬት የጀመርኩት ግን ከ7 ዓመት በፊት ነው። የተወረወረ ኳስ በእንጨት የሚመታበት ጨዋታ ነው፤ መምቻው እንጨት ባት ይባላል። መጋዘን ውስጥ አብረውኝ የሚሠሩ ፓኪስታናውያን ናቸው ይዘውኝ የሄዱት። ዛሬ በየቅዳሜው ለሰፈራችን ክለብ ሦስተኛ ቡድን እጫወታለሁ። ባለፈው ወር አንድ የአዲስ አበባ ልጅ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ እኔም ክለብ ገባሁ። 200 ፓውንድ አለኝ፣ ምን ዓይነት ባት ልግዛ?» አለኝ። ስልክ ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ አወራን። ያልኩትን ለሌሎቻችሁም ልጻፈው።

200 ፓውንድ በላብ የመጣ ገንዘብ ነው። ደግሞም ይበቃል። እዚህ እንግሊዝ ከ150 እስከ 300 ፓውንድ ባለው ውስጥ ለክለብ ተጫዋች የሚሆን ደህና ባት ይገኛል። ሱቅ ስትገቡ 500 እና ከዚያም በላይ የተለጠፈባቸው ግድግዳው ላይ ተደርድረው ታያላችሁ። እለፏቸው። በአብዛኛው የምትከፍሉት ለመልካቸው ነው።

ለምን እንዲህ እንደምል ላስረዳ። ባቱ ሰፊው አካሉ የአኻያ እንጨት ነው። እኛ አገር ወንዝ ዳር የምናውቀው አኻያ ዘመዱ ነው። የእንግሊዙ በብዛት ኤሴክስና ሰፎክ ይበቅላል፤ ለባት እስኪደርስ 15 ዓመት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። የባቱን ፊት ስታዩ ከላይ ወደ ታች የወረዱ መስመሮች አሉ። እያንዳንዱ መስመር የዛፉ አንድ ዓመት ነው። መስመሩ ቀጥ ያለ፣ እንጨቱ ነጣ ያለ ከሆነ «አንደኛ ደረጃ» ይባልና ዋጋው ይሰቀላል። መስመሩ ጎበጥ ካለ፣ ቡናማ ነጠብጣብ ወይም ትንሽ አንጓ ካለበት ሁለተኛና ሦስተኛ ደረጃ ይሆናል። ልብ በሉ፣ ይህ ደረጃ የሚሰጠው እንጨቱን በዓይን አይቶ ነው። ኳስ መትቶበት አይደለም።

ልጅ ሆኜ አጎቴ የገና ዱላ ሲቆርጥ አብሬው ጫካ እሄድ ነበር። ጠማማ ቅርንጫፍ ያነሳል፣ ሁለት ሦስት ጊዜ አየሩን ይቀዝፍበታል፣ ካልጣመው ይጥለዋል። የሚያምር ዱላ ሲፈልግ አይቼው አላውቅም። ባት ሱቅ ውስጥ ስቆም ሁልጊዜ የሚታወሰኝ እሱ ነው።

የመጀመሪያ ባቴን በኢንተርኔት ነው ያዘዝኩት። ጠርዙ ወፍራም፣ ስቲከሩ የሚያብለጨልጭ። ሲደርሰኝ ኩሽና ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት፤ 1.28 ኪሎ። ማስታወቂያው ላይ የተጻፈው ከዚያ በጣም ያነሰ ነበር። አንድ ወቅት ሙሉ ተጫወትኩበት። ኳስ ወደ ደረቴ ከፍ ብላ ስትመጣ ባቱ ዘግይቶ ይደርሳል፤ እሁድ ጠዋት የግራ ክንዴ ተሳስሮ ሻይ ማንሳት ያቅተኛል። በዓይን የተገዛ ባት እንዲህ ነው።

ስለዚህ ጓንታችሁን ይዛችሁ ሱቅ ሂዱ። ለአብዛኛው አዋቂ ተጫዋች ከ1.13 እስከ 1.19 ኪሎ ያለው ይመቻል። ግን ሚዛኑ ብቻውን አይበቃም። ባለፈው ዓመት ሁለት ባት ጎን ለጎን አስመዘንኩ፤ ሁለቱም 1.17 ነበሩ። አንዱ እጄ ላይ እንደ መጥረጊያ ቀለለኝ፣ ሌላው ውኃ የሞላ ባልዲ ሆነብኝ። የሁለተኛው ክብደት ወደ ታች ጫፉ ወርዶ ስለነበር ነው። ይህን ሚዛን አይነግራችሁም፣ እጅ ነው የሚነግራችሁ።

እንዲህ ሞክሩት። ባቱን በላይኛው እጃችሁ ብቻ ያዙ፤ ቀኝ መቺ ከሆናችሁ ግራ እጃችሁ ማለት ነው። ክንዳችሁን ወደ ፊት ዘርጉና እስከ 15 ቁጠሩ። አንጓችሁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ መልሱት። ከዚያ በሁለት እጅ ይዛችሁ እንደ ጨዋታ ቁሙ። ቀጥ ያለ ምት፣ ቀጥሎ አግድም ምት አሳዩ። ሰው ያየኛል ብላችሁ አትፈሩ፤ ሱቁ ውስጥ ያለው ሁሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ሻጩን አስፈቅዳችሁ በአሮጌ ኳስ ወይም በእንጨት መዶሻው ፊቱን ቀስ ብላችሁ መታ መታ አድርጉት። ከላይ ጀምራችሁ ወደ ታች ውረዱ። አንድ ቦታ ላይ ድምፁ ይሞላል፣ ኳሷ ትፈናጠራለች፣ እጀታውም እጃችሁን አይነዝርም። እኔ የባቱ እምብርት እለዋለሁ። እዚህ ሰሜኑ ላይ ሚያዝያና ግንቦት ሜዳው እርጥብ ስለሆነ ኳስ ብዙ አትነሳም፤ ስለዚህ እምብርቱ መሃል ወይም ዝቅ ያለውን እመርጣለሁ። ሜዳችሁ ደረቅና ኳስ የሚያነሳ ከሆነ ከፍ ያለውን ውሰዱ።

ቁመታችሁ ከ1.68 እስከ 1.88 ሜትር ከሆነ መደበኛው የአዋቂ መጠን ይሆናችኋል። እጀታው አጭር የሚባለው ማለት ነው።

ስለ ጠርዝ ውፍረት ብዙ ይወራል። ከ2017 ጀምሮ ሕጉ ጠርዝ ከ4 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ወስኗል። ስፋቱም 10.8 ሴንቲ ሜትር ላይ ያበቃል። ጠርዙ በጣም ወፍራም ሆኖ ባቱ ግን ላባ ከሆነባችሁ ተጠንቀቁ፤ እንጨቱ ከልክ በላይ ደርቆ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ቶሎ ይሰነጠቃል። መስመሩ ጥቅጥቅ ያለ ባት ቶሎ ለጨዋታ ይደርሳል፣ ዕድሜው ግን ያጥራል። መስመሩ ሰፋ ያለው ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ከለመደ በኋላ ግን ይቆያል። በየዓመቱ ባት መግዛት ለማይችል ሰው ሁለተኛው ይሻላል እላለሁ።

ዱባይና ሻርጃ ያላችሁ ወገኖች ደግሞ በዕረፍት ቀን አሸዋ ሜዳ ላይ በፕላስተር በተጠቀለለ የቴኒስ ኳስ ከሆነ የምትጫወቱት፣ ይህን ሁሉ ገንዘብ አታውጡ። የካሽሚር አኻያ ይበቃችኋል። ጠንከርና ከበድ ይላል፣ ዋጋው ግን ርካሽ ነው። ለእውነተኛው የክሪኬት ኳስ፣ ለቆዳው፣ ግን ከቻላችሁ የእንግሊዙን ግዙ።

የመግዣው ጊዜ መስከረምና ጥቅምት ነው። ወቅቱ ሲያልቅ ሱቆች የተረፈውን በቅናሽ ያወጣሉ። ሌላም ጥቅም አለው፤ ባቱን ለማለማመድ ክረምቱ ሙሉ የእናንተ ነው።

ማለማመድ የምለው ነገር ላይ አደራ። አዲስ ባት ለጨዋታ ዝግጁ አይደለም። መጀመሪያ የተልባ ዘይት ይቀባል፤ ጥሬው እንጂ የተፈላው አይሁን። በትንሽ ማንኪያ አንድ ያህል በጨርቅ ፊቱን፣ ጠርዙንና ታች ጫፉን አዳርሱ። እጀታው ከእንጨቱ የተጋጠመበትን ቦታ አትንኩ። ፊቱን ወደ ላይ አጋድማችሁ አንድ ቀን አቆዩት፣ ከዚያ ድገሙት። መጀመሪያ ቀን ጠርሙሱን ስከፍት ቤቱ የእናቴ የጾም ጓዳ ሸተተኝ። የተቆላ ተልባ ስትወቅጥ ታየችኝ። ሊድስ ውስጥ፣ ባት ይዤ፣ እንባዬ መጣ።

ከዚያ ፊቱን በእንጨት መዶሻ መምታት ነው። በጠቅላላው 6 ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። እኔ በየማታው 20 ደቂቃ አደርገዋለሁ፤ ድምፁ ጎረቤት ስለሚረብሽ ከምሽቱ 2 ሰዓት በፊት እጨርሳለሁ። ቀስ ብላችሁ ጀምሩ፣ ቀን በቀን ኃይል ጨምሩ። ጠርዙን በጎን በኩል በቀጥታ እንዳትመቱት። መዶሻውን አጋድማችሁ የፊቱንና የጠርዙን መገናኛ እያለሳለሳችሁ ክብ አድርጉት። ባት ብዙ ጊዜ የሚሰነጠቀው እዚያ ላይ ነው። ስትጨርሱ በአዲስ ኳስ ቀለል ያለ ልምምድ አድርጉና ፊቱን ብርሃን ላይ እዩ። የኳሷ ስፌት ጎድጎድ ያለ ምልክት ከተወ ወደ መዶሻው ተመለሱ።

ታች ጫፉ ላይ የሚለጠፍ የላስቲክ መከላከያ አለ፤ አድርጉለት። እርጥብ ሣር ላይ አታቁሙት። ውኃ ከገባበት ጫፉ ያብጣል። በጋ ላይም መኪና ውስጥ ትታችሁት አትሂዱ።

ያ ልጅ 185 ፓውንድ ከፍሎ ገዛ። ሦስተኛ ደረጃ ነው፤ ጠርዙ አጠገብ የአውራ ጣት የሚያህል ቡናማ ነጠብጣብ አለበት። ስንቱን ባት በእጁ ይዞ 15 እየቆጠረ እንደመለሰ ነገረኝ። ትናንት ማታ ስደውልለት ሁለተኛው ቅብ ደርቆለት መዶሻውን ጀምሯል፤ በስልኩ ውስጥ ጠብ ጠብ ሲል ይሰማኝ ነበር።