ጠርሙሱን ከመክፈታችሁ በፊት ሹሩባውን ፍቱ

ጉዴን ያወጣው የአክስቴ ልጅ የሰርግ ፎቶ ነው። ሚዜ ነበርኩ። ሹሩባዬ በዋዜማው የተሠራ፣ ጥብቅ ያለ፣ ቅንድቤን ሳይቀር ወደ ላይ የሳበ ነበር። ፎቶው ሲመጣ ግንባሬ ከጆሮ እስከ ጆሮ ሜዳ ሆኖ አየሁት። «መብራቱ ነው» አልኩ። እማዬ መነጽሯን አድርጋ አየችና «መብራቱ ሌሎቹ ላይ አልበራም እንዴ?» አለችኝ።

ይህ ከሆነ ሦስት ዓመት አለፈው። ሐኪም አይደለሁም፤ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የምነግራችሁ ከሐኪሜ የሰማሁትንና በገዛ ጭንቅላቴ ላይ ያየሁትን ነው። የኔን ስህተት እንዳትደግሙት ብዬ ነው።

መጀመሪያ የሰማሁት ጎረቤቴን ነው። «ነጭ ሽንኩርት ጨቅጭቀሽ እሺው፣ ያበቅላል» አለችኝ። አሸሁት። ያተረፍኩት ቃጠሎ ብቻ ነው። ቆዳዬ ቀልቶ፣ ውሃ ቋጥሮ፣ አንድ ሳምንት ሻሽ አስሬ ቢሮ ገባሁ። ለሽታውም ሰበብ መፈለግ ነበረብኝ።

ቀጥሎ ሜሪላንድ ያለችው እህቴ ሚኖክሲዲል የሚባል፣ ጭንቅላት ላይ የሚቀባ የፀጉር ማብቀያ መድኃኒት ላከችልኝ። ኪርክላንድ የሚባለውን፣ ስድስት ጠርሙስ። አራት ወር ሙሉ ሳላቋርጥ ቀባሁ። ምንም የለም። ለምን? ጥብቅ ሹሩባዬን እንደተሠራሁ ነበር የምቀባው። አንድ እጄ ያጠጣል፣ ሌላው ይነቅላል።

የቆዳ ሐኪም ጋ ስሄድ መድኃኒት ታዝልኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ፀጉርሽን ማን ነው የሚሠራሽ?» ብላ ነው። ቀጥላ «ከተሠራሽ በኋላ ያምሻል?» አለችኝ። ሳቅኩ። ሹሩባ በተሠራሁ ቁጥር ፓራሲታሞል ውጬ ነበር የምተኛው። ሁሉም ሴት እንደዚያ የምታደርግ ይመስለኝ ነበር።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የናንተ የትኛው ዓይነት እንደሆነ መለየት ነው። ፀጉር የሚረግፍበት ምክንያት ብዙ ነው፤ አንዱን የሚያድነው ጠርሙስ ሌላው ላይ ውሃ ነው።

የኔ ዓይነቱ ከመጎተት የሚመጣ ነው። ከግንባርና ከጆሮ በላይ ይሳሳል። ብዙ ጊዜ ጠርዙ ላይ ስስ የፀጉር መስመር ይቀርና ከኋላው ባዶ ይሆናል። ከሹሩባ በኋላ ትንንሽ ብጉር የመሰለ ነገር የሚወጣባችሁ ከሆነ ሥሩ እየተጎዳ ነው። በጊዜ ከተደረሰበት ይመለሳል። ዓመታት ከቆየ ግን ሥሩ ጠባሳ ይሆናል። ቆዳው ልሙጥ ብሎ ካብለጨለጨና የፀጉር ቀዳዳው ከጠፋ፣ የትኛውም ቅባት አይመልሰውም።

ድንገት ክብ ሆኖ፣ ልስልስ ብሎ የሚመለጠው ላሽ ነው። እሱ የሰውነት መከላከያ የራሱን የፀጉር ሥር ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። ሐኪም ቦታው ላይ መርፌ ሊወጋ ይችላል፤ በራሱ ጊዜ የሚመለስም አለ። ልጆች ላይ ቅርፊት እያወጣ ፀጉሩን ከሥሩ የሚሰብረው ደግሞ ቆረቆር ነው። ፈንገስ ስለሆነ የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል፤ ሥሩ ውስጥ ገብቶ የተቀመጠ ስለሆነ ቅባት ብቻውን አያደርሰውም። ከወለዳችሁ ሦስት ወር ገደማ ሆኗችሁ በእፍኝ የሚረግፍ ከሆነ አትደንግጡ። አብዛኛውን ጊዜ በዓመት ውስጥ ራሱ ይመለሳል። ጓደኛዬ ግን ይህን ሳታውቅ የደሞዟን ግማሽ ሻምፑ ላይ ጨርሳለች።

ደም መመርመርም አትዝለሉ። ሐኪሟ ከሌላው ጋር ፌሪቲን የሚባለውን አዘዘችልኝ። ሰውነት ያጠራቀመው ብረት ማለት ነው። የኔ ጎተራ ባዶ ነበር። የሁዳዴን 55 ቀን ከሥጋ ተለይቼ፣ ምሳ በበላሁ ቁጥር ቡና ደርቤ፣ ከየት ይምጣ? ቡናና ሻይ ከምግብ የምናገኘውን ብረት ሰውነት እንዳይወስድ ያደርጋሉ። ክኒኑን ስታዝልኝ ቡናውን እንዳራርቀው ነገረችኝ። ቡና ተው ከምባል ፀጉሬ ቢረግፍ ይሻለኛል ብዬ ነበር፤ ደግነቱ «ሁለት ሰዓት አቆይው» ብቻ ነው ያለችኝ።

አሁን ወደ ሚኖክሲዲል። እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡ፤ ብዙ ሰው የሚያበላሸው አቀባቡን ነው።

መድኃኒቱ ሲጀመር የደም ግፊት ክኒን ነበር። የሚወስዱት ሰዎች ባልታሰበ ቦታ ፀጉር ሲያበቅሉ ታየ። እ.ኤ.አ. በ1988 አሜሪካ ውስጥ ጭንቅላት ላይ የሚቀባ ሆኖ ተፈቀደ። የልብ ችግር ያለባችሁ ሐኪም ሳታማክሩ አትጀምሩ የሚባለው ሲጀመር የግፊት መድኃኒት ስለነበረ ነው። እርጉዝ ከሆናችሁ ወይም የምታጠቡ ከሆነ ጭራሽ አትንኩት።

እህቴ የላከችው 5 ፐርሰንቱ ነው፤ ካርቶኑ ላይ ለወንድ ይላል። ሐኪሟ አይታው ማታ ማታ አንድ ጊዜ ብቻ አንድ ሚሊ ሊትር እንድቀባ አዘዘችኝ። ወንዶች በቀን ሁለቴ ነው የሚቀቡት። ከዚያ በላይ ብታፈሱ ቶሎ አያበቅልም፤ ቆዳችሁን ያሳክካል፣ ልባችሁንም ሊያስመታው ይችላል። አንድ ቀን ብትረሱ በማግስቱ እጥፍ አትቀቡ።

የሚቀባው ቆዳው ነው እንጂ ፀጉሩ አይደለም። ፀጉራችሁን በማበጠሪያ ጫፍ ከፍላችሁ፣ በመለኪያው ጠብ እያደረጋችሁ በጣት ጫፍ አዳርሱት። ቆዳው ደረቅና ንጹሕ ይሁን። እማዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ለጋ ቅቤ ካልቀባሁሽ ትላለች። እምቢ ማለት አልቻልኩም። ተስማማን፤ ቅቤው ፀጉሩን ብቻ እንጂ ቆዳውን አይነካም፤ እሁድ ታጥቤ ማታ ወደ መድኃኒቱ እመለሳለሁ። ቅቤ ፀጉርን ያለሰልሳል፣ መሰባበሩን ይቀንሳል። ከሥር ግን አያበቅልም። ይህን ለእማዬ እስካሁን አልነገርኳትም።

እጃችሁን ታጠቡ። ለአራት ሰዓት ያህል ራሳችሁን አታጠቡ። ፈሳሹ አልኮል አለው፤ ሳይደርቅ ከከሰል አጠገብ ቁጭ ብላችሁ ቡና አታፍሉ፣ ካስክም አትግቡ። ከመተኛታችሁ ሁለት ሰዓት ቀደም አድርጋችሁ ቀቡት። እኔ መጀመሪያ ቀብቼ ወዲያው ነበር የምተኛው። ትራሱ ጠጥቶ ጉንጬ ላይ አደረሰው። በሁለተኛው ወር ባለቤቴ በመስኮቱ ብርሃን አፍጥጦ እያየኝ «ጺም ጀመርሽ እንዴ?» አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። መስታወት ሳይ ልክ ነው፤ ለስላሳ ጸጉር ከጆሮዬ እስከ አገጬ ወርዷል። ሰዓቱን ስቀይር ቀስ በቀስ ጠፋ።

ሐኪሟ እንዳዘዘችኝ እንደገና በጀመርኩ በሦስተኛው ሳምንት ደግሞ ፀጉሬ ከበፊቱ ይበልጥ መርገፍ ጀመረ። ብዙ ሰው ጠርሙሱን የሚወረውረው እዚህ ጋ ነው። እኔም ለሐኪሟ ደወልኩ። «ያረጀው ለአዲሱ ቦታ እየለቀቀ ነው፤ ጥቂት ሳምንት ታገሺ» አለችኝ። በሰባተኛው ሳምንት ጋብ አለ። ለውጥ አለ የለም ለማለት አራት እስከ ስድስት ወር ያስፈልጋል። ፀጉር በወር የሚያድገው አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ መስታወት ፊት በየቀኑ አትቁሙ። እኔ በየወሩ በማርያም፣ በ21፣ እዚያው መስኮት ሥር፣ በዚያው ሰዓት አንድ ፎቶ አነሳለሁ።

የወንድሜ ነገር ሌላ ነው። የሱ እንደ አባታችን ከመሀል አናቱና ከግንባሩ ማዕዘን የሚሸሽ፣ በዘር የመጣ ነው። እሱ ሚኖክሲዲሉን ካቆመ፣ ያበቀለው በጥቂት ወራት ተመልሶ ይረግፋል። ሐኪሙ ፊናስቴራይድም ጨመረለት። ይሄኛው በ1992 እ.ኤ.አ. ለፕሮስቴት ዕጢ መተለቅ 5 ሚሊ ግራም ሆኖ የወጣ፣ በ1997 ለፀጉር 1 ሚሊ ግራም ሆኖ የተፈቀደ ክኒን ነው። የወንዱን ሆርሞን የፀጉር ሥር ወደሚያቀጭጨው ዓይነት እንዳይቀየር ያግዳል። ወንድሜ ያገኘው ትልቁን ክኒን ስለነበር በወጥ ቤት ቢላ አራት ቦታ ይቆርጠው ነበር። ያውም ሽንኩርት በሚከተፍበት እንጨት ላይ። ሚስቱ ያኔ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች! የተሰበረ ክኒን ዱቄቱ በእርጉዝ እጅ መነካት የለበትም፤ ወንድ ፅንስ ሊጎዳ ይችላል። እኔ ነኝ ወረቀቱን አንብቤ የጮህኩት።

በኋላ ደግሞ ሚስቱ ሹክ አለችኝ፤ ክኒኑን ከጀመረ ወዲህ ፍላጎቱ ቀንሷል። እሱ አፍሮ ለሐኪሙ አልተናገረም። ይህ የታወቀ፣ ጥቂት ወንዶች ላይ የሚታይ ጉዳት ነው። ድብርትም የሚሰማው አለ። ወንዶች፣ ይሄን ለሐኪም ተናገሩ፤ ከናንተ በፊት ስንቱን ሰምቷል። ወንድሜ ተናገረ፣ ክኒኑን አቆመ፣ ሚኖክሲዲሉ ላይ ቀረ። አናቱ እንዳለ ነው፤ ቢያንስ አልባሰበትም።

የመጨረሻው ሥራ ከፀጉር ሠሪያችሁ ጋር መነጋገር ነው። ለኔ ከመድኃኒቱ ይልቅ የከበደኝ ይሄ ነው። የኔዋ አሥራ አንድ ዓመት የሠራችኝ ናት። ሁሌ ከቀኝ ነው የምትጀምረው፤ ስትጀምር ደግሞ ጉልበቷ ሙሉ ነው። «ላላ አድርጊልኝ» ስላት «በሳምንቱ ተፈትቶ ስሜን ልታጠፊ ነው?» አለችኝ። ለምጄ የማስረዳት መንገድ አገኘሁ፦ ጠርዙን ጨርሶ አትንኪው፣ ጉንጉኑ ወፈር ይበል፣ አርቴፊሻል አትጨምሪ፣ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ እፈታዋለሁ። በሪላክሰር የለሰለሰ ፀጉር ላይ ሹሩባ መደረብ ደግሞ ተውኩ፤ የተዳከመ ገመድ መጎተት ነው። በመሀል ሁለት ሳምንት ምንም ሳልሠራ አሳርፈዋለሁ። ተሠርታችሁ ስትጨርሱ ከወንበሩ ሳትነሱ ቅንድባችሁን ከፍ ዝቅ አድርጉ። ግንባራችሁ ከሳበ ይፈታ። እዚያው ይፈታ፤ ቤት ሄጄ ይላላል አትበሉ።

ግራ ጎኔ ሞልቷል። በቀኝ በኩል የአንድ ብር ሳንቲም የምታህል ቦታ ቀርታለች። ሐኪሟ በማጉያዋ አይታ ጠባሳ ሆኗል ብላኛለች፤ እሷን በጎን በሚወርድ ፀጉር እሸፍናታለሁ። ያለፈው ቅዳሜ የሰባት ዓመት ልጄን ወደዚያችው ሴትዮ ወሰድኳት። ስትጨርስ ልጄ ወደ መስታወቱ ጠጋ አለች። ቅንድቧን ወደ ላይ አነሳች፣ አወረደች፣ ደግማ አነሳች።

«እማ፣ ይንቀሳቀሳል» አለችኝ።

ሴትዮዋ ጨርቋን እያራገፈች «እናትና ልጅ ልትገድሉኝ ነው» አለች። ሒሳቡን ከፍለን ወጣን።