ድንክ ፈረስ በአዲስ አበባ ግቢ፦ ዕቃው፣ መኖው፣ የየዕለት እንክብካቤው

በአሜሪካ ድንክ ፈረስ ማኅበር መለኪያ፣ ድንክ ፈረስ የጋማው የመጨረሻ ጸጉር ካለበት እስከ መሬት ሲለካ ከ86 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። ክብደቱ በአብዛኛው ከ70 እስከ 110 ኪሎ ነው። ቀበና ወይም ጉለሌ ያለች ትንሽ ግቢ ስለምትበቃው ብዙ ሰው እንደ በግ ሊይዘው ያስባል። ሆዱ፣ ሰኮናውና በሽታው ግን የፈረስ ነው። ከረሃብ ይልቅ የሚጎዳውም ጥጋብ ስለሆነ መጀመሪያ የሚገዛው ዕቃ ልጓም ሳይሆን ሚዛን ነው።

ክብደቱን ለመገመት ከፊት እግሮቹ ኋላ የደረቱን ዙሪያ በልብስ ሰፊ ሜትር ይለኩ፤ ከዚያም ከትከሻው ጫፍ እስከ መቀመጫው አጥንት ያለውን ርዝመት። የደረቱን ልክ በራሱ፣ ውጤቱን ደግሞ በርዝመቱ አባዝተው ለ11,880 ያካፍሉ። ደረቱ 105፣ ርዝመቱ 95 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 88 ኪሎ ገደማ ይመጣል። በየወሩ በዚያው ሜትር ይለኩት። ጸጉሩ ጥቅጥቅ ያለ በመሆኑ ዓይን ያታልላል፤ ጎድኑን በጣት ይዳስሱ። ሳይጫኑት የሚቆጠር ከሆነ ደህና ነው፤ ተጭነውትም ካጡት ወፍሯል።

የቀን ድርቆሹ የክብደቱ ከ1.5 እስከ 2 በመቶ ነው፤ ለ88 ኪሎው ፈረስ ከ1.3 እስከ 1.8 ኪሎ ማለት ነው። በሦስት ወይም በአራት ጊዜ ከፋፍለው ይስጡ። በእቅፍ መስፈር ይቅር፤ የአንዱ ሰው እቅፍ የሌላው እጥፍ ነው። ከሱሉልታና ከሰንዳፋ አካባቢ የሚመጣው ድርቆሽ ሣሩ ከታጨደ በኋላ፣ ከጥቅምት ጀምሮ፣ እንደ ልብ ይገኛል፤ ክረምት ላይ ይወደዳል። ቦታ ካለዎት የዓመቱን፣ ከ600 እስከ 700 ኪሎ፣ ያኔ ገዝተው በእንጨት ርብራብ ላይ ይከምሩት። ሻጋታ የሸተተውን አይስጡ። ለወፈረ ፈረስ የጤፍ ጭድ የድርቆሹን ሲሶ ሊተካ ይችላል፤ ብቻውን ሲሰጥና ውሃ ሲያንስ ግን አንጀት ውስጥ ተጠቅጥቆ ቁርጠት ያመጣል።

ሥራ የሌለው ድንክ ፈረስ ገብስ አያስፈልገውም። ፉርሽካ ፎስፈረሱ ብዙ፣ ካልሲየሙ ትንሽ ስለሆነ ዘወትር ሲሰጥ አጥንት ያደክማል። የዶሮና የከብት መኖ ፈጽሞ አይቅረበው፦ አንዳንዱ ሞኔንሲን አለበት፤ ይህ መድኃኒት ፈረስን በትንሽ መጠን ይገድላል። እንግዳ ሁሉ ዳቦ ይዞ ይመጣልና በሩ ላይ «አትመግቡ» ብሎ መጻፍ ነውር አይደለም። አሞሌ ጨው ዝናብ በማይነካው ቦታ ይንጠልጠልለት። ውሃ በቀን ከ5 እስከ 10 ሊትር ይጠጣል፤ ቧንቧ የሚጠፋበት ሰፈር ከሆነ 20 ሊትር ጄሪካን ሁልጊዜ ሞልቶ ይቀመጥ።

ገበያ ላይ ያለው ልባብ ለትልቅ ፈረስ የተሠራ ነው። ሰፊ ልባብ እግሩ ይገባበታልና የአፍንጫውንና የጆሮ ግንዱን ዙሪያ ለክተው መርካቶ ቆዳ ሰፊ ዘንድ ያሠሩ፤ ሌሊት አውልቁለት። ቀሪው ቀላል ነው፦ ባልዲ፣ ብሩሽ፣ የሰኮና መጫሪያ፣ ቴርሞሜትር፣ አካፋ። ለጋጣው ምንጣፍ ሰጋቱራ ከእንጨት ቤት ይገኛል፤ የኤምዲኤፍና የቀለም ብናኝ ያለበትን አይቀበሉ። ፋንድያውን በየቀኑ ያንሱ፤ ጎረቤት ከዝንቡ በፊት ይናገራል።

ፈረሱን ከማስገባትዎ በፊት ግቢውን ይፈትሹ። የአቮካዶ ቅጠል፣ የጉሎ ፍሬና ለአጥር የሚተከለው የወፍ ቆሎ መርዝ ናቸው። የወደቀ ፌስታልም ተበልቶ አንጀት ይዘጋል። ወንዝ ዳር ባሉ ሰፈሮች ሌሊት ጅብ ስለሚዞር ጋጣው በርና ጣሪያ ያለው ይሁን። ፈረስ ለብቻው አይሆንለትም፤ ሁለተኛ ድንክ ፈረስ ከሌለ ፍየል ታጽናናዋለች።

ሰኮናውን በየቀኑ ከተረከዝ ወደ ጣት ይጫሩ። በክረምት ከስር ያለው ሦስት ማዕዘን ክፍል ጠቁሮ ከሸተተ መበስበስ ጀምሯል፤ ያጽዱት፣ ደረቅ ወለል ላይም ያቁሙት። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ በባለሙያ ይከርከም። ጥርሱ በጠባብ መንጋጋ ስለሚጨናነቅ በየ6 ወሩ ይታይ።

የትል መድኃኒት በተለካው ክብደት ብቻ ይሰጣል። ለ600 ኪሎ ከተዘጋጀ ቱቦ ለ88 ኪሎው ፈረስ አንድ ሰባተኛው ገደማ ይበቃል፤ አይቨርሜክቲን የተባለው የከብት የትል መርፌ ግን አይወጋ። ለአፍሪካ የፈረስ በሽታ ቢሾፍቱ የሚመረት ክትባት አለ፤ ተሸካሚዋ ጥቃቅን ዝንብ ከክረምት በኋላ ስለምትበዛ ቀድመው ያስከትቡ፣ ሲመሽና ሲነጋም ጋጣ ያስገቡት። ለመንጋጋ ቆልፍና ለእብድ ውሻ በሽታም ሐኪምዎን ያማክሩ።

የፊት እግሮቹን ወደ ፊት ዘርግቶ ወደ ኋላ ከተደገፈና ሰኮናው ከሞቀ፣ ከዓይኑ በላይ ያለው ጉድጓድ ካበጠ፣ ወይም ሙቀቱ ከ38.5 ካለፈ ሐኪም ይጥሩ። መብላት ያቆመን ድንክ ፈረስ ደግሞ «ነገ ይሻለዋል» ብሎ ማሳደር አይገባም፦ በተለይ የወፈረው ወይም ያረገዘችው፣ ሰውነቱ ስቡን ወደ ደም እየለቀቀ ጉበቱን ያውካል፤ በቀናት ውስጥም ሊሞት ይችላል። ሲደውሉ ክብደቱን፣ ሙቀቱንና መጨረሻ ፋንድያ የጣለበትን ሰዓት ይንገሩ።