የኬሚካል ጓሮ ስታበቅሉ ልትርቋቸው የሚገቡ ስህተቶች

ምስር የምታህል የመዳብ ሰልፌት ጠጠር ላይ ዓይኔን ተክዬ ሃያ ደቂቃ ተቀምጬ አውቃለሁ። ጠጠሯ ጠርሙሱ ወለል ላይ አረፈችና ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ ጎኗ እንደ ብጉር አበጠ። ብጉሩ ፈነዳ። ከውስጡ ፀጉር የመሰለ ሰማያዊ ክር ወደ ላይ መሳብ ጀመረ። ትንሽ ይወጣል፣ ይቆማል፣ ጫፉ ያብጣል፣ ይፈነዳል፣ ደግሞ ይወጣል። ልጄ አገጯን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ ስታይ ቆየችና «አባዬ፣ ነፍስ አለው እንዴ?» አለችኝ።

ነፍስ የለውም። ግን ጀርመናዊው ኬሚስት ዮሐን ሩዶልፍ ግላውበር እ.ኤ.አ. በ1646 ስለዚህ ነገር ከጻፈ ወዲህ ያየው ሰው ሁሉ ከተክል ጋር ያመሳስለዋል። እኔም የኬሚካል ጓሮ የምለው ለዚሁ ነው። ቤት ውስጥ ማብቀል ይቻላል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ጠርሙሶቼ ግን ተበላሽተዋል። ለምን እንደተበላሹ የገባኝ ከብዙ ቆይታ በኋላ ነው።

ዕቃው ሁለት ነው። አንዱ ሶዲየም ሲሊኬት የሚባል ወፍራም ፈሳሽ ነው። ኬሚካል ሻጮች ዋተር ግላስ ይሉታል። ለሳሙና፣ ለካርቶን ማጣበቂያ፣ ለሲሚንቶ ወለል ማጠንከሪያ ይውላል። ሁለተኛው የብረታ ብረት ጨው ነው። ጨዉ ፈሳሹ ውስጥ ሲገባ ላዩ መሟሟት ይጀምራል። የሟሟው ብረት ከሲሊኬቱ ጋር ሲገናኝ ይረጋና ጠጠሩን ስስ ሽፋን ያለብሰዋል። የፈላ ወተት ላይ የሚጋገረውን ስልባቦት አስቡት። ይሄኛው ስልባቦት ውሃ ያስገባል፣ ጨዉን ግን አያስወጣም። ውሃ በገባ ቁጥር ውስጡ ይወጠራል፣ በመጨረሻም ይቀደዳል። ከቀዳዳው የሚወጣው የጨው ውሃ በዙሪያው ካለው ፈሳሽ ስለሚቀል ወደ ላይ ይተኮሳል። እየወጣም አዲስ ስልባቦት ይለብሳል። ግንድ መስሎ የሚታየን እሱ ነው።

ስልባቦቱን ያዙልኝ። ጓሮው ሳይበቅል ሲቀር አብዛኛውን ጊዜ የተበላሸው እሱ ነው።

ዋተር ግላሱን እንደተገዛ ማፍሰስ፣ ወይም ከልክ በላይ ማቅጠን

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እኔም የመጀመሪያውን ጠርሙስ ያበላሸሁት በዚህ ነው። ሱቅ የሚሸጠው ዋተር ግላስ እንደ ማር ይዝለገለጋል። አንድ ሊትሩ ወደ 1.4 ኪሎ ይመዝናል። ጠጠር ስትጥሉበት በቀስታ እየተንሳፈፈ ይወርዳል፣ ከዚያ ለሰዓታት ምንም አይታይም። ውሃው ወደ ስልባቦቱ እንደልቡ መግባት ስለማይችል ነው።

ይህን ያየ ሰው ቀጥሎ ወደ ሌላኛው ጽንፍ ይሄዳል። ውሃ ያበዛበታል። ያኔ ስልባቦቱ ደካማ ይሆናል፣ የሲሊኬቱም ክብደት ይቀንሳል። ከጠጠሩ የሚወጣው የጨው ውሃ ከአካባቢው ካልቀለለ ወደ ላይ የሚያነሳው ነገር የለም። ወለሉ ላይ ይንጣለልና ደመና ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ለጀማሪ የምመክረው አንድ እጅ ዋተር ግላስ ለአራት እጅ ውሃ ነው። ለአንድ የማርማላታ ጠርሙስ 80 ሚሊ ሊትር ዋተር ግላስና 320 ሚሊ ሊትር ውሃ ይበቃል። ግንዱ ጠንከር እንዲል ከፈለጋችሁ በሚቀጥለው ጊዜ ውሃውን ወደ ሦስት ወይም ሁለት እጅ ዝቅ አድርጉት።

ደግሞ በደንብ አማስሉት። ሁለቱ ሳይዋሐዱ ሲቀሩ በፀሐይ የጋለ አስፋልት ላይ እንደሚንቀጠቀጠው አየር ያለ ጭረት ውስጡ ይታያል። ጠርሙሱን መስኮት ፊት ያዙና እዩት። ጭረቱ ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ማማሰል ነው። ካልተዋሐደ ከባዱ ከታች ይተኛል፣ ቀላሉ ከላይ ይቀራል። ግንዱ መሐል ላይ ሲደርስ ጣሪያ የነካ ይመስል ይቆምና ወደ ጎን ይዘረጋል።

ያገኙትን ውሃ መጠቀም

የቧንቧና የጉድጓድ ውሃ ካልሲየምና ማግኒዚየም ይኖርበታል። እነሱም ብረታ ብረት ናቸው። ሲሊኬቱን እንዳገኙት ነጭ ዝቃጭ ይሠራሉ። ጠጠሩን ሳትጥሉ ጠርሙሱ ከደፈረሰ ምክንያቱ ይሄ ነው። ማዕድኑ የወጣለት የተጣራ ውሃ ያስፈልጋል። በቀላሉ የሚገኘው ጋራዥና ነዳጅ ማደያ የሚሸጠው የባትሪ ውሃ ነው።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። እዚያው መደርደሪያ ላይ የባትሪ አሲድም ይሸጣል። ሁለቱም እንደ ውሃ የጠሩ ናቸው። አሲዱ ሰልፈሪክ አሲድ ነው፣ ቆዳ ይበላል። ዋተር ግላስ ውስጥ ቢገባ ደግሞ ፈሳሹን እንደ ጄሊ ያረጋዋል። የተጻፈበትን ሳታነቡ አትግዙ። ሻጩን «ውሃው ነው ወይስ አሲዱ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ጽሑፍ የሌለበትን ተዉት።

ጨዉን መፍጨት

በፍጥነት እንዲሟሟ ብዬ ሰማያዊውን ድንጋይ፣ ማለትም የመዳብ ሰልፌቱን፣ ፈጭቼው አውቃለሁ። ዱቄቱ ገና ሲበተን እያንዳንዱ ብናኝ የራሱን ስልባቦት ለበሰ፣ ውስጡ ያለው ጨው ግን አንዲት ግንድ ለማብቀል እንኳ አይበቃም። ጠርሙሱ ውስጥ የቀረው ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ጭቃ ነበር። ከምስር ፍሬ እስከ አተር ድረስ የሚያህሉ ጠጠሮችን ምረጡ። ዱቄቱን አራግፉት። ያላችሁ ዱቄት ብቻ ከሆነ በጥቂት የተጣራ ውሃ አሟሙትና ክፍት በሆነ ሳህን ለጥቂት ቀናት አስቀምጡት። ውሃው ሲተን ደህና ጠጠር ይሠራል።

ሌላም አለ። የፈጨሁት በቤት ሙቀጫ ነበር። ይህን ያህል የሚያስቆጣኝ ስህተት የለም፣ ምክንያቱም የመዳብ ሰልፌት መርዝ ነው። ሙቀጫው እንጨት ስለነበር ምንም ቢታጠብ አይታመንም ብዬ ጣልኩት። ለዚህ ሥራ የተለየ ማንኪያ፣ የተለየ መስፈሪያ፣ የተለየ ሳህን ይኑራችሁ። ወደ ምግብ ዕቃ አይመለሱም።

ማንኛውም ጨው ይበቅላል ብሎ ማሰብ

የገበታ ጨው አይበቅልም። ፖታሲየም ክሎራይድም አይበቅልም። ሶዲየምና ፖታሲየም ከሲሊኬት ጋር ቢገናኙም ስልባቦት አይሠሩም፣ ሟሙተው ይጠፋሉ። ጠመኔም አይሆንም፣ እሱ ደግሞ ከመጀመሪያውም ውሃ ውስጥ አይሟሟም። የሚፈለገው ራሱ በውሃ የሚሟሟ፣ ከሲሊኬት ጋር ሲገናኝ ግን የሚረጋ ጨው ነው። የምግብ ቀለም መጨመርም አይጠቅምም፤ ፈሳሹን ያቀልማል እንጂ ግንዱን አያቀልምም። ቀለሙ የሚመጣው ከብረቱ ነው።

ካልሲየም ክሎራይድ ነጭ ነው፣ በደቂቃዎች ውስጥ ይተኮሳል። ቁም ሳጥን ውስጥ እርጥበት ለመምጠጥ የሚቀመጠው ነጭ እንክብል ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ማግኒዚየም ሰልፌትም ነጭ ይበቅላል። አሉሚኒየም ሰልፌትም እንዲሁ። ይሄኛው የከተማ ውሃ ሲጣራ ድፍርሱን ለማዝቀጥ የሚጨመረው ነው፣ አዋሽ መልካሳ ላይ በፋብሪካ ይመረታል። የመዳብ ሰልፌት ሰማያዊ ነው፣ ዝግ ይላል። አይረን ክሎራይድ ቡናማና ብርቱካናማ ግንድ ያወጣል፣ በጣም ፈጣን ነው። የኤሌክትሮኒክስ ሰዎች የሰርኪዩት ሰሌዳ ለመቅረጽ ይገዙታል። ልብስና እጅ ያበላሻል፣ ተጠንቀቁ።

ከእነዚህ ውስጥ አንዱን ምረጡ ብባል ካልሲየም ክሎራይድን አስቀድማለሁ። ቀለም የለውም፣ ግን ልጆች ሳይሰለቹ ያዩታል።

ለቀለም ሲባል ኮባልትና ኒኬል መግዛት

ኢንተርኔት ላይ የምታዩት ደማቅ ሐምራዊና ጥልቅ ሰማያዊ ጓሮ አብዛኛውን ጊዜ ኮባልት ክሎራይድ ነው። ሳር የመሰለው አረንጓዴ ኒኬል ነው። ያምራሉ፣ አልክድም። ግን የሁለቱም ጨው ብናኝ ወደ ሳንባ ሲገባ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል፣ ቆዳንም አለርጂ ያስይዛል። የአውሮፓ ኅብረት ኮባልት ክሎራይድን እ.ኤ.አ. በ2008 እጅግ አሳሳቢ ከሚላቸው ኬሚካሎች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። የእርሳስና የክሮሚየም ጨውም እንደዚያው አይነኬ ናቸው። ልጅ ባለበት ቤት ቦታ የላቸውም። የላቦራቶሪ ሰው ጭስ መምጠጫ ሥር ሆኖ የሚሠራውን እኛ ወጥ ቤት ውስጥ አንሠራውም።

ዋተር ግላስን እንደ ውሃ መቁጠር

እኔ የገዛሁበት ቦታ ሻጩ ከትልቅ በርሜል በሃይላንድ ቀድቶ ሰጠኝ። ምንም ጽሑፍ የለውም። ቤት ወስጄ ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጠው የሚጠጣ ውሃ ነው የሚመስለው። ያን ማታ ውሃ የጠማው ሰው ቢያነሳውስ ብዬ ሳስብ እስካሁን ይዘገንነኛል። ዋተር ግላስ እንደ በረኪና ጠንካራ አልካሊ (የአሲድ ተቃራኒ) ነው። አፍና ጉሮሮ ያቃጥላል፣ ዓይን ውስጥ ከገባ ደግሞ ብርሃን ሊያሳጣ ይችላል።

በሃይላንድ አትቀበሉ። አማራጭ ከሌለ እዚያው ሱቁ ደጃፍ ላይ በእስክሪብቶ «መርዝ» ብላችሁ ጽፋችሁ ለጥፉበትና ቤት እንደደረሳችሁ የመጠጥ ዕቃ ወደማይመስል ጠርሙስ ገልብጡት። ሃይላንዱንም ጣሉት። መከላከያ መነጽርና ጓንት አድርጉ። ልጆችም መነጽራቸውን አድርገው ጠጠሩን በወረንጦ ይጣሉ፣ ፈሳሹን ግን አዋቂ ይቅዳ። ዓይን ውስጥ ከገባ ቢያንስ 15 ደቂቃ በሚፈስ ውሃ አጥባችሁ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።

የምትወዱትን ብርጭቆም አትጠቀሙ። ዋተር ግላስ መስታወት ላይ ከደረቀ አይለቅም። የምትጥሉት የማርማላታ ጠርሙስ ይሻላል።

ማጨናነቅና መነቅነቅ

አምስት ስድስት ጠጠር ለአንድ ጠርሙስ ይበቃል። አራርቃችሁ ጣሏቸው፣ ከግድግዳውም ራቅ ይበሉ። ከጣላችሁ በኋላ ጠርሙሱን አትንኩት። የስልባቦቱን ስስነት አትርሱ። አንዴ አንስታችሁ ብታዟዙሩት ግንዱ ይቆረጣል። ስለዚህ ጠጠሩን ከመጣላችሁ በፊት ቦታውን ምረጡለት፣ ማቀዝቀዣ አናት ላይ እንዳይሆን፤ ሞተሩ ይነቀንቀዋል።

ክዳኑንም ግጠሙት። ክፍት ከቆየ አየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ላዩን ቀስ በቀስ ያረጋዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ስለሚገርመኝ ነው። በእኛው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ኬንያ ያለው የማጋዲ ሐይቅ ውሃው በጣም አልካሊ ነው። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተሙት ጥናት በዚያ ሐይቅ ውሃ ውስጥ የብረታ ብረት ጨው ጨምረው እንዲህ ያለ ጓሮ አብቅለዋል። ከሱቅ የተገዛ ዋተር ግላስ ሳያስፈልጋቸው ማለት ነው።

የቀረውን ወደ ቧንቧ መድፋት

መዳብ ያለበት ፈሳሽ ወደ ፍሳሽ አይደፋም። መዳብ ለዓሣና ለውሃ ውስጥ ፍጥረት ሁሉ መርዝ ነው፣ የምንደፋው ደግሞ ዞሮ ዞሮ ወንዝ ይገባል። ክዳን ባለው ዕቃ አጠራቅሙት፣ ጻፉበት። አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ የአካባቢያችሁ አስተዳደር አደገኛ የቤት ቆሻሻ የት እንደሚቀበል ጠይቁ። እዚህ አገር ያላችሁ የልጃችሁን የኬሚስትሪ መምህር አማክሩ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ትንሽ መሥራት ነው። አንዲት የመድኃኒት ብልቃጥ ውስጥ ሁለት ጠጠር ብትጥሉም ያው ጓሮ ይበቅላል። ካልሲየም፣ ማግኒዚየምና አሉሚኒየም ብቻ ያለበትን በብዙ ውሃ አቅጥናችሁ ብትደፉት ችግር የለውም።

ካደገ በኋላ ፈሳሹን ገልብጦ ማፍሰስ

ጓሮውን ማቆየት የሚፈልግ ሰው ጠርሙሱን ዘንበል ያደርገዋል። በዚያው ሁሉም ይፈርሳል። ማድረግ ያለባችሁ ዋተር ግላሱን በውሃ መተካት ነው፣ ያውም በቀስታ። አንድ ቀን ሙሉ ይደግ። ከዚያ መርፌ የሌለው ትልቅ ሲሪንጅ ጫፉን ከፈሳሹ ላይኛው ክፍል አስገብታችሁ ትንሽ ትንሽ ሳቡ። በቱቦ የምትቀዱ ከሆነ በአፍ አትሳቡ። ግማሽ ያህሉ ሲወጣ የተጣራ ውሃ በጠርሙሱ ግድግዳ በኩል ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ መልሱ። ሦስት አራት ጊዜ ደጋግሙት።

እኔና ልጄ በአራተኛው ጠርሙስ ይህን ስናደርግ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሙሉ ፈጀብን። ሲሪንጁን እኔ ያዝኩ፣ እሷ ውሃውን ጠብታ በጠብታ ትጨምራለች። ሦስተኛው ዙር ላይ ድፍርሱ ሁሉ ወጥቶ ጠርሙሱ ጠራ። ያኔ ከሰማያዊዎቹ ግንዶች ጀርባ፣ ግድግዳው ጥግ፣ እስከ ክዳኑ ድረስ የቆመ አንድ ነጭ ክር አየን። ሲያድግ ሁለታችንም አላየነውም ነበር።