ከፋዩ ሌላ፣ ተቀባዩ ሌላ ሲሆን የምንሠራቸው ስህተቶች

በሐዋሳ ጀበና፣ ሲኒ፣ ረከቦት፣ ጋቢና የተቆላ ቡና በቴሌግራም መሸጥ ከጀመርኩ ስድስት ዓመት አልፎኛል። ከሚደርሱኝ ትእዛዞች አብዛኞቹን የሚከፍለው ሰው ለራሱ አይደለም የሚገዛቸው። ልጅ ከዋሽንግተን ለእናቱ ያዝዛል፤ እህት ከአዲስ አበባ በኢንዱስትሪ ፓርኩ ለምትሠራ ታናሽ እህቷ ትልካለች፤ የቀድሞ ተማሪ ለመምህሩ ምስጋና ይሰድዳል። ሥራውን አዲስ የሚጀምሩ ወጣቶች ተቸግረው ሲያማክሩኝ ችግራቸው ብዙ መልክ ያለው ቢመስልም ሥሩ አንድ ነው፤ ሁለት ሰዎች ያሉበትን ትእዛዝ አንድ ሰው ብቻ እንዳለበት አድርገው ይይዙታል። ገንዘቡን የሰጠው ሰው ደንበኛ ነው፤ በሩን የሚከፍተውም ሰው ደንበኛ ነው፤ የሁለቱ ስም፣ ስልክ፣ ሰዓት፣ አንዳንዴም ፍላጎት የተለያየ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያስመርረኝ የተቀባዩን ስልክ ሳይዙ ዕቃ ማስወጣት ነው። ይህን ስህተት መቁጠር ከተውኩ ቆይቻለሁ። ሞተረኛው ገብርኤል አደባባይ ደርሶ ይቆማል፤ በእጁ ያለው የከፋዩ የአሜሪካ ቁጥር ብቻ ነው፤ በሐዋሳ ከረፋዱ 4 ሰዓት ሲሆን በዋሽንግተን ገና ሌሊት ነውና ማንም አያነሳም፤ ፀሐዩ እየበረታ፣ ሌሎች አራት ዕቃዎች እየጠበቁት ግማሽ ሰዓት ያባክናል፤ በመጨረሻም ዕቃውን ይዞ ይመለሳል። በማግስቱ ይኸው ይደገማል። ከዚያም ሻጩ «ገዢው ስልክ አያነሳም» ብሎ ያማርራል። ገዢው ስልክ እንዲያነሳ ማን ነገረው? ዕቃውን የሚቀበለው እሱ አይደለም! ገንዘብ ከመቀበላችሁ በፊት የተቀባዩን ቁጥር ጠይቁ፤ ካልተሰጣችሁ ትእዛዙን አትቀበሉ። «ድንገት ላስደስታት ነው፣ እንዳትደውሉላት» የሚል ገዢ ሁልጊዜም ይኖራል፤ ፍላጎቱ የሚከበር ነው፤ ነገር ግን በዚያ ቤት ወይም በጎረቤት ምሥጢሩን የሚያውቅ አንድ ሌላ ሰው ስልክ ይስጥ። እህት፣ የአክስት ልጅ ወይም የቤት ሠራተኛ ልትሆን ትችላለች። ይህን ጠይቄው እንቢ ያለኝ ገዢ አላጋጠመኝም፤ እንዲያውም ብዙዎቹ ደስ ይላቸዋል።

ስልኩ ከተገኘም በኋላ ሌላ እንቅፋት አለ። በስልክ የሚያጭበረብሩ ሰዎች ስለበዙ እናቶቻችን የማያውቁትን ቁጥር አያምኑም፤ ልክም ናቸው። አንድ ቀን ሞተረኛዬ ከጎኔ ቆሞ ሲደውል የሰማሁትን ላስፍር። «እማማ፣ ልጅዎ ዕቃ ልካልዎታለች፣ ቤትዎ የት ጋ ነው?» አላቸው። «እኔ ያዘዝኩት ዕቃ የለም፤ ደግሞ ቀጥለህ ቁጥር ንገሪኝ ልትለኝ ነው?» ብለው ዘጉበት። ወዲያው ለልጃቸው ጻፍኩላትና በቤት የምትጠራበትን ስም ጠየቅኳት። ሞተረኛው መልሶ ደውሎ «እማማ፣ ሚጡ ናት የላከችልዎ» ሲላቸው ድምፃቸው ተለወጠ፤ «ሚጡዬ? ታዲያ ምነው ቀድመህ አትነግረኝም ልጄ!» አሉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሌላ ሰው የሚላክ ዕቃ ሁሉ በማዘዣው ላይ የቤተሰቡ ብቻ የሆነ አንድ ቃል ይጻፍበታል።

ሦስተኛው ስህተት ከፋዩ የሰጠውን የቦታ ምልክት እንዳለ ማመን ነው። ከተማዋን ከ10 ዓመት በፊት የተሰናበተ ሰው የሚያስታውሳት ያኔ እንደነበረች ነው፤ «ከትልቁ ዋርካ ፊት ለፊት» ይላል፣ ዋርካው ተቆርጧል፤ «ከዳቦ ቤቱ ጀርባ» ይላል፣ ዳቦ ቤቱ ፎቅ ሆኗል። «ገብርኤል ጋ» ማለትማ ግማሽ ከተማ ማለት ነው። ክፍለ ከተማውን፣ ሰፈሩን፣ ከአስፋልቱ ወደ ኮብልስቶኑ መታጠፊያውንና የበሩን ቀለም የሚያውቀው እዚያው የሚኖረው ሰው ነው። በቴሌግራም የሚላከው የካርታ ምልክትም ጀማሪዎችን ብዙ ጊዜ ያሳስታል፤ ገዢው «ያለሁበት ቦታ» የሚለውን ተጭኖ ሲልክ የሚመጣላችሁ የራሱ መገኛ እንጂ የእናቱ ቤት አይደለም። ምልክቱን ከተቀባዩ ወይም ከቤተሰቡ ጠይቁ፤ ከውጭ አገር የመጣውን ግን ከፍታችሁ የትኛው ከተማ ላይ እንዳረፈ ሳታዩ ለሞተረኛ አታስተላልፉ።

ስም ላይም እንሳሳታለን። በእኛ አገር እናትና ልጅ የቤተሰብ ስም አይጋሩም፤ የከፋዩን የአባት ስም ለተቀባይዋ ሰጥቶ መጻፍ ሌላ ሰው መፍጠር ነው። ዕቃው በእጅ ሲሰጥ ይህ ላያስቸግር ይችላል፤ በፖስታ ቤት ሲላክ ወይም በአውቶቡስ ሄዶ ከመናኸሪያ ሲወሰድ ግን መታወቂያ ይጠየቃል። ወደ ዲላ የላክሁት አንድ ረከቦት ሰፈሩ ሁሉ በሚያውቃቸው የቤት ስም በመጻፉ ምክንያት ተቀባይዋ መታወቂያቸውን ይዘው ሄደው ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል። መታወቂያው ላይ ያለውን ስም ከነአባት ጠይቁ። ከከተማ የሚወጣ ዕቃ ከሆነ ደግሞ የመኪናውን ታርጋና የረዳቱን ስልክ ጽፋችሁ መኪናው ሳይነሳ ለተቀባዩ ላኩ፤ ይህን መናገር የሚያስፈልግ አይመስለኝም ነበር።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ፤ እዚህ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ጀማሪን ከሥራ ያስወጣል። ከክፍያ በኋላ የሚመጣ የአድራሻ ለውጥ ሁሉ እንደ አዲስ ትእዛዝ መታየት አለበት። በ2015 ዓ.ም. ለታቦር ክፍለ ከተማ የታዘዘ ሙሉ የቡና ዕቃና ሁለት ጋቢ ሊወጣ ሲል ከገዢዋ የቴሌግራም ስም «ወንድሜ መናኸሪያ እየጠበቀ ነው፣ ለእሱ ስጡት» የሚል መልእክት መጣልኝ፤ ሰጠሁ። ማታ ገዢዋ ደውላ ቴሌግራሟ ከቀትር ጀምሮ በሌላ ሰው እጅ እንደነበረ ነገረችኝ። ዕቃውን ከኪሴ ተክቼ ላክሁላት፤ ልክ ነበር፣ ምክንያቱም በመጀመሪያ በያዝኩት ቁጥር ደውዬ ድምፅዋን ሳልሰማ ዕቃ ያስረከብኩት እኔ ነኝ። መልእክት ማንም ሊጽፍ ይችላል። ለውጡን የምትቀበሉት ከከፋዩ ብቻ፣ በስልክ ብቻ፣ ቀድሞ በመዘገባችሁት ቁጥር ብቻ ይሁን። ተቀባዩ ራሱ እንኳ «ወደ ሌላ ቦታ አምጡልኝ» ቢል ከፋዩ ይወቅ። በመንገድ ዳር ለቆመ፣ ስሙ በማዘዣው ላይ ለሌለ ሰው ደግሞ ጨርሶ አትስጡ።

የክፍያ ስክሪንሾት ማስረጃ አይደለም፤ በቴሌብርም ሆነ በባንክ ገንዘቡ በራሳችሁ ሒሳብ መግባቱን ሳታዩ ዕቃ አይውጣ።

በውጭ አገር ሆነው የአገር ዕቃ የሚሸጡ ወይም ክፍያ በካርድ የሚቀበሉ ወገኖቻችን ከዚህ የከፋ ነገር ይገጥማቸዋል። በኢንተርኔት ገንዘብ የሚከፈልበት ፔይፓል ለሻጩ የሚሰጠው ጥበቃ ዕቃው በግብይቱ ዝርዝር ላይ ወደ ሰፈረው አድራሻ እንዲላክ ይጠይቃል፤ ገዢው ከከፈለ በኋላ «ወደ ጓደኛዬ ቤት ላኩልኝ» ብሎ ሲጽፍና ሻጩ እሺ ሲል፣ ክርክር ቢነሳ የሚከላከልበትን ጋሻ በገዛ እጁ ጥሏል ማለት ነው። ትክክለኛው መንገድ ገንዘቡን መልሶ ገዢው ትክክለኛውን አድራሻ አስገብቶ እንደገና እንዲከፍል ማድረግ ነው። ካርዱ የተሰረቀ ከሆነም ባለቤቱ ለባንኩ ሲያመለክት ገንዘቡ ከሻጩ ይወሰዳል፤ በቪዛ ደንብ ለእንዲህ ያለው አቤቱታ እስከ 120 ቀን ጊዜ ስላለ ዕቃው ከተበላ ከተጠጣ በኋላ ዕዳው ሊመጣ ይችላል። የማታውቁት ሰው ውድ ዕቃ በአንድ ጊዜ አብዝቶ ገዝቶ፣ ከካርዱ አድራሻ ወደ ራቀ ቦታ በአስቸኳይ ላኩ ሲል ቆም በሉ። ይህን ስል ለሌላ ሰው የሚገዛን ሁሉ ጠርጥሩ ማለቴ አይደለም፤ ገበያችን የቆመው በእነዚህ መልካም ሰዎች ነው።

ዋጋውን ከዕቃው ጋር መላክም ትልቅ ስህተት ነው። አንድ ወጣት ነጋዴ ደረሰኙን ከጀበናው ጋር ጠቅልሎ ለአንዲት እናት ሰደደ። እናትየዋ ዋጋውን አነበቡ፤ «ለሸክላ ይህን ያህል? ልጄ በብርድ አገር ደክሞ ያመጣውን!» ብለው ዕቃውን መልሰው ገንዘቡን እንዲሰጧቸው ጠየቁ። ነጋዴው ሰው አክባሪ ነውና አፍሮ ብሩን ሰጣቸው። ገዢው ሲሰማ አዘነ፤ እናቱ አዲስ ጀበና ይዘው ቡና ሲያፈሉ በቪዲዮ ለማየት ነበር የጠበቀው። ውሉን የገባው፣ ገንዘቡንም የከፈለው እሱ ነውና ዕቃው ይመለስ፣ ይለወጥ ወይም በገንዘብ ይተካ የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው። ለተቀባዩ በአክብሮት «ለልጅዎ እነግረዋለሁ» ማለት ይበቃል። ደረሰኙ ለከፋዩ ይላክ፤ የዋጋ ወረቀቱ ከዕቃው ላይ ይነሳ። የማድረሻውን ሒሳብ ከስጦታ ተቀባይ መጠየቅ ደግሞ ነውር ነው።

ቀንና ሰዓትም ከሁለት ወገን ይታያሉ። «በ3 ሰዓት አድርሱልኝ» ያለ የውጭ አገር ገዢ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ይሁን በእነሱ አቆጣጠር 3 ሰዓት፣ ማለትም በእኛ ከቀኑ 9፣ ጠይቃችሁ ጻፉ። ለፍቼ ጨምበላላ፣ ለሲዳማ አዲስ ዓመት፣ የሚያዝዝ ሰው «ባለፈው ዓመት በዋለበት ቀን» ካለ የበዓሉ ቀን በየዓመቱ ከዋክብትን በሚያዩ ሽማግሌዎች፣ በአያንቶዎች፣ የሚነገር መሆኑን አስረዱት። ገዢው ረስቶት በ55ቱ የሑዳዴ ቀናት ቅቤ ያለበት ኬክ ለጿሚ እናት ሲልክ ዝም ብላችሁ አትቀበሉ፤ የጾም ኬክ እንዳለ ንገሩት።

ሴት ልጆች የሚቀበሉትን ዕቃ በተመለከተ አንድ ጽኑ ነገር አለኝ። ስልኳን ብቻ የሚያውቅ ሰው «ስጦታ አድርሱላትና ቤቷን ጠቁሙኝ» ብሎ ይጠይቃል። ተቀባይዋ ለሻጭ የሰጠችው የቤት አድራሻ ዕቃ ማድረሻ ብቻ ነው፤ ለከፋዩ የሚተላለፍ አይደለም፤ ገንዘብ መክፈሉ ቤቷን የማወቅ መብት አይሰጠውም። ዕቃው መድረሱን እንጂ የት እንደደረሰ አልነግርም፤ «አልቀበልም» ካለችም ዕቃው ተመልሶ ገንዘቡ ይመለሳል፣ አትለመንም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም የሰውን መረጃ ከተሰጠበት ዓላማ ውጭ መጠቀምን አይፈቅድም። የተቀባዮችን ፊት ፎቶ አንስቶ ያለ ፈቃዳቸው በቻናል ላይ ማስታወቂያ ማድረግም ከዚሁ የሚቆጠር ነው።

የመጨረሻው ስህተት የራሴ ነው። ከአራት ዓመት በፊት አንድ ወንድም ለአባቱ ጋቢ አዘዘ። ሞተረኛው ከቤቱ ደጃፍ ድንኳን ተተክሎ አየ፤ ለቀስተኞቹን ጠይቆ አባትየው ከትናንት በስቲያ እንደተቀበሩ ነገረኝ። እኔም ሌላ ትእዛዝ እያሸግሁ በችኮላ ለገዢው «አባትህ በማረፋቸው ዕቃው አልተሰጠም፣ ምን እናድርገው?» ብዬ ጻፍኩ። ቤተሰቡ መርዶውን ገና አልነገረውም ነበር፤ ዘመዶቹ በሚኖርበት ከተማ ያሉ የአገሩን ሰዎች ሰብስበው፣ ጠዋት ቤቱ ሄደው ሊያረዱት ተነጋግረው ነበር። እሱ ግን ሥራ ላይ ሆኖ ብቻውን ከእኔ መልእክት አነበበው። ደወለልኝ፤ አልጮኸብኝም። «መቼ ነው?» ብቻ አለኝ።

አሁን ሞተረኞቼ በደጃፍ ድንኳን ወይም የተሰበሰበ ሰው ካዩ ሳያንኳኩ፣ ማንንም ሳይጠይቁ ተመልሰው ለእኔ ብቻ ይናገራሉ። እኔም ለከፋዩ «ዛሬ አልተሳካም፣ ዕቃው በእጃችን በደኅና አለ» ከማለት በቀር ምንም አልጽፍም፤ በማዘዣው ላይ ወደተመዘገበው ሁለተኛ ስልክ ደውዬ የቤተሰቡን ታላቅ አነጋግራለሁ፤ እነሱ እስኪፈቅዱልኝ ድረስ ዕቃው ከመደርደሪያው አይወርድም። ያ ጋቢ በእኔ ዘንድ ሁለት ወር ቆየ። ከዚያ ልጁ ራሱ ደውሎ ለአባቱ ታላቅ ወንድም እንዲሰጥለት ነገረኝ፤ በዚያ ቀን ሞተረኛ አልላክሁም፣ ራሴ ይዤ ሄድኩ።