የፋይቭ ኤል ታይሚንግ ቺንጋ ሲበጠስ፦ ከምልክቱ እስከ ጥገናው

ታይሚንግ ቺንጋ ማለት የክራንኩን (ፒስቶኖቹ የሚያዞሩትን የሞተር ዘንግ) ዙር ለካምሻፍቱ (ቫልቮቹን ለሚከፍተው ዘንግ) የሚያቀብል ጥርስ ያለው የጎማ ቀበቶ ነው። እዚህ የምናየው በባሕር ዳርና በዙሪያው በሚሠሩ የድሮ ሃይስ ሚኒባሶችና ሃይሉክሶች ላይ ያለውን 5ኤል የናፍጣ ሞተር ነው። ቪትዝ ያላችሁ አትጨነቁ፤ የእናንተ ሞተር የሚሠራው በሰንሰለት ነው።

ምልክት፦ እየሄደ ድንገት ጠፋ፤ ሞተሪኖው (ማስነሻው) ከወትሮው ቀልሎና ፈጥኖ ያዞራል፤ ጭስ የለም

በ5ኤል ላይ ቺንጋው ካምሻፍቱን ብቻ ሳይሆን የናፍጣ ፖምፓውንም ያዞራል። ሲበጠስ ሁለቱም አብረው ይቆማሉ፤ ጭስ የሚጠፋውም ለዚህ ነው። ናፍጣ አልቆ ወይም መስመሩ አየር ስቦ ከሆነ ግን ሞተሪኖው ኮምፕሬሽኑን (በሲሊንደሩ ውስጥ የታመቀውን አየር) እየታገለ፣ እንደ ወትሮው ከብዶት ያዞራል።

ወረታ ወይም ዳንግላ መንገድ ላይ እንዲህ የቆመ ሚኒባስ ተሳፋሪ ወርዶ ይገፋዋል። አትግፉት፤ ማርሽ አስገብታችሁም አታስጎትቱት። በዚህ ሞተር ላይ ክፍት የቀረ ቫልቭ ወደ ላይ ከሚመጣው ፒስቶን ጋር ይጋጫል፤ በመጀመሪያው ግጭት የተረፈውን ቫልቭ መግፋቱ ይጨርሰዋል። ማርሹን ዜሮ አድርጋችሁ ጎትቱ። (4ኤ-ኤፍኢ ወይም 5ኤ-ኤፍኢ የቤንዚን ሞተር ያለው ኮሮላ ላይ ቫልቭና ፒስቶን ስለማይገናኙ ብዙ ጊዜ አዲስ ቺንጋ ይበቃል።)

ለማረጋገጥ የላይኛውን የቺንጋ ሽፋን ፍቱ። ቺንጋው ሙሉ መስሎ ከታየ ክራንኩን በቁልፍ ጥቂት ብቻ አዙሩት፤ የካምሻፍቱ ፑሌጃ (ቺንጋው የሚዞርበት ጥርሳም ክብ) ካልተከተለው ጥርሶቹ ታች ክራንኩ ጋ ተላጭተዋል።

ምልክት፦ ይነሳል፣ ግን በግድ ነው፤ አቅም የለውም

ቺንጋው ጥርስ ዘሏል ማለት ሊሆን ይችላል። ናፍጣ የሚሸት ነጭ ጭስና የጠዋት አልነሳም ባይነት ፖምፓው ወደ ኋላ መቅረቱን (ዘግይቶ መርጨቱን) ያሳያል፤ ደረቅ የማንኳኳት ድምፅ ደግሞ መቅደሙን። የክራንኩን፣ የካምሻፍቱንና የፖምፓውን የታይሚንግ ምልክቶች ሳታዩ ፖምፓውን ፈትታችሁ በማዘንበል “ለማስተካከል” አትሞክሩ። ጥፋቱ ይሸፈናል እንጂ አይጠፋም።

ምክንያቱ፦ የተበጠሰውን ቺንጋ አትጣሉት

ጥርሶቹ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከተነቀሉ የያዘ (አልዞር ያለ) ነገር አለ። ካምሻፍቱንና ፖምፓውን ለየብቻ በእጅ አዙራችሁ ሞክሩ። ፖምፓው የሚለሰልሰው በራሱ በናፍጣው ስለሆነ በጀሪካን የተገዛ ውኃ የገባበት ናፍጣ ሊያደርቀውና ሊያስይዘው ይችላል። ይህን ሳታዩ አዲስ ቺንጋ ብትገጥሙ እሱም ይበጠሳል።

ጠርዙ ከተተለተለ የመወጠሪያው ኩሽኔታ (ቺንጋውን ወጥሮ የሚይዘው ተሽከርካሪ) ላልቷል ወይም ፑሌጃዎቹ መስመር ስተዋል። ካበጠና ከለሰለሰ የካምሻፍቱ፣ የክራንኩ ወይም የፖምፓው ፓራዮሊ (ፈሳሽ እንዳይወጣ የሚከለክለው ጎማ) ያፈሳል። በቢላ የተቆረጠ ይመስል ቀጥ ብሎ ከተበጠሰ ሲገጠም ወይም ሲቀመጥ ታጥፏል። ጀርባው የተሰነጣጠቀ ግን ዕድሜው ነው። በኮረኮንች መንገድ የሚሠራ መኪና ሽፋኑ ከጎደለ ጠጠርና አቧራ ጥርሱን ይበላዋል፤ “አያስፈልግም” ተብሎ የሚጣለው የታችኛው ሽፋን ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው።

ጥገናው

ቴስታታው (ቫልቮቹ የሚቀመጡበት የሞተሩ የላይኛው ክፍል) መውረዱ አይቀርም። “መጀመሪያ ቺንጋ አስረን እንየው” የሚል ካለ ገንዘብም ጊዜም ያባክናል። ቴስታታውን በጎኑ አስተኝታችሁ ነጭ ጋዝ ወይም ቤንዚን በቫልቭ ቀዳዳዎቹ በኩል ጨምሩ፤ ከቫልቩ ራስ ሥር የሚያረጥብ ካለ ታጥፏል ወይም አይገጥምም። የታጠፈ ቫልቭ አይቃናም፣ ይቀየራል። የቫልቭ ጋይዱንና የካምሻፍቱን ስንጥቅ አብራችሁ ፈትሹ። የዚህ ሞተር ቴስታታ በቫልቮች መካከል መሰንጠቅ ስለሚወድ ቶርኖ ቤት በግፊት ይፈተሽ። የታችኛው ፊቱ መጣመም ከ0.20 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ አይገጠም። ብዙ ማስላጨትም አይመከርም፤ ቫልቮቹን ወደ ፒስቶኑ ያቀርባቸዋል።

ጓርኒሲዮኑ (በቴስታታውና በብሎኩ መካከል የሚገባው ማሸጊያ) በሦስት ውፍረት ይመጣል፤ ምልክታቸውም ቢ፣ ዲ እና ኤፍ ነው። ፒስቶን ወይም ዘንጉ ካልተቀየረ የነበረውን ፊደል ግዙ፤ ከተቀየረ የፒስቶኑ ከብሎኩ በላይ መውጣት ይለካ። የቴስታታ ብሎኖች ከመሐል ወደ ዳር በ78 ኒውተን ሜትር ይጠብቃሉ፤ ከዚያ 90 ዲግሪ፣ ከዚያ እንደገና 90 ዲግሪ። የቫልቭ ክፍተቱ ሞተሩ ቀዝቅዞ ለማስገቢያው ከ0.20 እስከ 0.30፣ ለማስወጫው ከ0.40 እስከ 0.50 ሚሊ ሜትር ነው።

አዲሱን ቺንጋ ከአዲስ መወጠሪያ ኩሽኔታና ፓራዮሊዎች ጋር ግጠሙ። የክራንክ፣ የካምሻፍትና የፖምፓ ምልክቶች ሦስቱም መግጠም አለባቸው። የመወጠሪያውን ብሎን አላልታችሁ ስፕሪንጉ ራሱ ይወጥረው፤ በካቻቪቴ አትግፉት። ካንዴሌታዎቹን (የናፍጣ ሞተሩን ማሞቂያዎች) አውጥታችሁ ክራንኩን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሩ፣ ብሎኑን አጥብቁ፣ ምልክቶቹንም እንደገና እዩ። መሐል ላይ ከያዘ አታስገድዱት።

ከተነሳና ከሞቀ በኋላ ኮምፕሬሽን ለኩ። ማኑዋሉ 31 ባር አካባቢ ደህና፣ 20 ባር ዝቅተኛ ነው ይላል። ባሕር ዳር ግን ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነች የአየሩ ግፊት በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ ደህና ሞተር እዚህ የሚያሳየው 25 ባር አካባቢ ነው። 31 አልሞላም ብሎ የፒስቶን ቀለበት ለማስቀየር መቸኮል ያከስራል። ይልቅ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለውን ልዩነት ተመልከቱ፤ ከ5 ባር ከበለጠ ቫልቭ አልገጠመም ማለት ሊሆን ይችላል።

ዳሽቦርዱ ላይ በ100,000 ኪሎ ሜትር የሚበራው የቺንጋ መብራት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የሚቆጥረው፤ የቺንጋውን ሁኔታ አያውቅም። በአቧራ መንገድ የሚሠራ መኪና 80,000 ላይ ይቀየርለት። ቆጣሪው የቆመ ከሆነም የተቀየረበትን ቀን በማርከር ሽፋኑ ላይ ጻፉ።