በጣና ዳርና በዓባይ መውጫ ለቀዛፊዎች መግቢያ ቦታ እንዴት ይመረጣል፣ እንዴትስ ይያዛል?

ካያክም (በመቅዘፊያ የሚነዳ ጠባብ ቀላል ጀልባ) ሆነ የደንገል ታንኳ ውሃው ላይ ሳለ የሚያደርሰው ጉዳት ከሞተር ጀልባ ጋር ሲተያይ ጥቂት ነው፤ ነዳጅ አያፈስም፣ ማዕበልም እያስነሳ ዳሩን አይበላም። ጉዳቱ ያለው ከመንገዱ እስከ ውሃው ባለችው አጭር መሬት ላይ ነው። ስለዚህ በባሕር ዳር ዙሪያ የቀዘፋ ቡድን ለማቋቋም ወይም እንግዳ ለማስቀዘፍ ያሰበ ሰው፣ ጀልባ ከመግዛቱ በፊት የት እንደሚገባና የት እንደሚወጣ ይወስን።

ዳርቻውን በእግርዎ ሁለት ጊዜ ይዙሩ፤ አንዴ በመስከረም ሐይቁ ሞልቶ ሳለ፣ አንዴ በግንቦት ውሃው ሲሸሽ። በመስከረም ጀልባው ከሣሩ ላይ በቀላሉ ተገፍቶ የሚገባበት ቦታ፣ በግንቦት እስከ ጉልበት የሚያሰምጥ ጭቃ ሆኖ ይገኛል፤ ያን ጊዜ ሰው ጭቃውን ሸሽቶ በግራም በቀኝም ደንገሉን እየረገጠ አዲስ መንገድ ያወጣል። ደለል የሚያጣራው፣ የዓሣ ጫጩት የሚሸሸግበትና ወፍ ጎጆ የሚሠራበት ይኸው ደንገል ስለሆነ፣ ጥቁር ድንጋይ ወይም ጠጠር ያለበትንና አስቀድሞ ሰው የለመደውን ዳር ይምረጡ። በእኔ እምነት አንድ የተረገጠ ቦታን በደንብ መያዝ ሦስት አዳዲስ ቦታ ከመክፈት ይሻላል። ድንጋያማው ዳር ለቀዛፊውም ይበጃል፤ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ የሚኖረው ሣር በበዛበት ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ ነውና።

ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል፣ ማለትም ተፈጥሮ እየተጠበቀ ሰውም የሚኖርበት ክልል ሆኖ ተመዝግቧል። ክልሉ በጥብቅ፣ በመከለያና በልማት ቀጣናዎች የተከፈለ በመሆኑ፣ የመረጡት ዳር በየትኛው እንደሚወድቅ ሳያረጋግጡ አንድም ድንጋይ አያንሡ። ቀጥሎ ከዳሩ ባለቤቶች ጋር ይነጋገሩ፤ ከብት ከሚያጠጡት፣ ዓሣ ከሚያሰግሩት፣ ከሁሉም በላይ ደንገል አጭደው ታንኳ ከሚሠሩት ከነገደ ወይጦ ሽማግሌዎች ጋር። እነርሱ የሐይቁ የቀደሙ ቀዛፊዎች ናቸውና፣ ለመዝናናት የሚመጣው ካያክ እነርሱን ከዳሩ የሚያፈናቅል ከሆነ ጥበቃ የሚለው ስም አይገባውም።

በሰፊው መነገር ያለበት የእምቦጭ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በሐይቁ ላይ መታየቱ የተነገረለት ይህ አረም በተለይ የሰሜንና የምሥራቅ ዳርቻውን አስጨንቋል። የቅጠሉ ግንድ እንደ ስፖንጅ ያበጠና አየር የቋጠረ ስለሆነ ይንሳፈፋል፤ ሥር ያላት ትንሽ ቁራጭ ብቻዋን አዲስ አረም ትሆናለች። እንዲህ ያለችው ቁራጭ በካያኩ መቀመጫ ሥር፣ በገመዱ ቋጠሮና በጫማ ሶል ውስጥ ትሸሸጋለች። ከውሃ እንደወጡ ካያኩን ገልብጠው ውሃውን ያፍስሱ፣ ቁራጩን በእጅ ለቅመው ከውሃው በራቀ ደረቅ መሬት ላይ ይጣሉ፣ ጭቃውንም ዘሩ ለዓመታት ሳይሞት ስለሚቆይበት እዚያው ዳር አጥበው ያስቀሩ። ከዚያ ፀሐይ ላይ ያድርቁ። ታንኳ ነጂዎች ይህን ልማድ አስቀድመው ያውቁታል፤ ደንገሉ ውሃ ስለሚጠጣ ታንኳቸውን ከሥራ በኋላ ዳር ላይ አቁመው ያደርቁታል።

ወቅትንም ይጠብቁ። ከጣና ነጭ ዓሣ ዝርያዎች በርካቶቹ በክረምት ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወንዞች ወጥተው እንቁላል ስለሚጥሉ፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት የወንዞቹን አፍ ለዓሣው ይተዉለት። በዓባይ መውጫ ጉማሬ ስለሚኖር ማለዳና አመሻሽ ላይ ወደ ዳር ተጠግተው አይቅዘፉ፤ በጉማሬና በጥልቁ ውሃ መካከል መግባትማ ጨርሶ አይሞከርም። በዚያው በዓባይ መውጫ ካለው ከጨራ ጨራ ግድብ በሮች ይራቁ። ወደ ገዳማቱ የሚሄዱ ከሆነ በገዳሙ መውረጃ ብቻ ይውረዱ፤ እንደ ክብራን ገብርኤል ያለው ገዳም ሴቶችን እንደማያስገባም ለእንግዶችዎ ከመነሳትዎ በፊት ይንገሩ።

መግቢያው ከተከፈተ በኋላ ስፋቱን በገመድ ለክተው ገመዱን ያስቀምጡ፤ በየዓመቱ ኅዳር ላይም በዚያው ገመድ ይለኩት። ሰፍቶ ከተገኘ ክልከላ ከመለጠፍዎ በፊት ሰው መሐሉን ትቶ በዳር በዳር የሚሄድበትን ምክንያት ይፈልጉ። ብዙ ጊዜ መሐሉ ላይ የቆመ ጭቃ ነው፤ አንድ የአህያ ጋሪ ጠጠር ይበቃዋል።