የኮምፒውተር ጠረጴዛ ቤት ውስጥ እንዴት ይሠራል? ከክርን ተነስቶ እስከ ቫርኒሽ

እንጨት ልትገዙ ከመሄዳችሁ በፊት ወንበራችሁ ላይ ተቀመጡ። ቤት ውስጥ የምታደርጉትን ነጠላ ጫማ አድርጉ። እግራችሁ ሙሉ በሙሉ ወለሉን ይንካ፣ ትከሻችሁ ይረፍ። ክርናችሁን ወደ ጎናችሁ አስጠግታችሁ ልክ እንደምትተይቡ እጃችሁን ወደ ፊት ዘርጉ። ሌላ ሰው ሜትር ይዞ ከወለሉ እስከ ክርናችሁ ሥር ይለካላችሁ። የጠረጴዛችሁ ከፍታ እሱ ነው። የእግሮቹ ርዝመት ከዚህ ቁጥር ይወጣል።

ገበያ ላይ ያለው ጠረጴዛ ብዙውን ጊዜ 75 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ለረጅም ሰው ደህና ነው። መካከለኛ ቁመት ላለው ሰው ግን ትከሻውን ወደ ላይ ይገፋዋል። ቀኑን ሙሉ ከፍ ብሎ የዋለ ትከሻ ማታ አንገትን ይይዛል። እኔ የመጀመሪያውን ጠረጴዛዬን የሠራሁት የምግብ ጠረጴዛችንን ለክቼ፣ በ77 ሴንቲ ሜትር ነበር። ለዓይን ያምር ነበር። በሁለተኛው ወር ቀኝ ትከሻዬን ማንሳት አቃተኝ። በመጨረሻ እግሮቹን በ7 ሴንቲ ሜትር አሳጠርኳቸው፣ ሕመሙም እየቀለለ ሄደ። ስለዚህ እዚህ የምሰጣችሁ ልኬት ሁሉ በ70 ሴንቲ ሜትር ከፍታ የተሰላ ነው። የእናንተ ክርን 67 ወይም 73 ካለ የእግሮቹን ርዝመት ብቻ ቀይሩ፤ ሌላው እንዳለ ይሄዳል።

ስፋቱ 120 በ60 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ስክሪን ከዓይን ከ50 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር ቢርቅ ይመረጣል፣ የክንድ ርዝመት ያህል ማለት ነው። 60 ሴንቲ ሜትር ለላፕቶፕና ለመካከለኛ ስክሪን ይበቃል። ትልቅ ስክሪን ያለው ሰው 70 ያድርገው።

እንጨቱ

ለላዩ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኮምፖርሳቶ እመርጣለሁ። ቺፕውድ (ከተጨመቀ የእንጨት ፍርፋሪ የተሠራ ሰሌዳ) ርካሽ ነው፤ ግን ውሃ ሲነካው ያብጣል፣ አንዴ ካበጠ ደግሞ አይመለስም። ብሎንም ደጋግሞ ሲፈታና ሲታሰር ቀዳዳው ይላላል። ኮምፖርሳቶ ስስ ሉሆች ጅማታቸው እየተጠላለፈ የተጣበቁበት ስለሆነ በቀላሉ አይጣመምም፣ ብሎንም ይይዛል። ሙሉው ሉህ 122 በ244 ሴንቲ ሜትር ነው። ግማሹ ይበቃችኋል፤ ከሱም የሚተርፍ አለ፣ ኋላ እንጠቀምበታለን።

ለእግርና እግሮቹን ለሚያያይዘው አግዳሚ እውነተኛ እንጨት ያስፈልጋል። የፈረንጅ ጥድ በቀላሉ ይገኛል፣ ለመላጊያም ምቹ ነው፤ ጉጥ የበዛበትን ብቻ አትውሰዱ። ባህር ዛፍ ጠንካራ ነው፤ ግን እርጥብ ሆኖ ከተሠራ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃልም። እንደ ዋንዛ የሚሆን ግን የለም። ለመሮ ይታዘዛል፣ ቀለሙ ሞቅ ያለ ነው፣ ምስጥም እንደ ሌላው አይደፍረውም። ይሁን እንጂ ዋንዛ፣ ኮሶ፣ ዝግባና የሐበሻ ጥድ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ በ1986 ዓ.ም. በወጣው የደን አዋጅ ተከልክለው የነበሩ አራት ዛፎች ናቸው። ስለዚህ ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ዋንዛ አልገዛም። የኔ ጠረጴዛ እግሮች የድሮ የዋንዛ አልጋ ቋሚዎች ናቸው። እናንተም ቤት ውስጥ የተሰበረ ቡፌ ወይም አልጋ ካለ ለማገዶ ከመሆኑ በፊት አገላብጣችሁ እዩት። ከመላጋችሁ በፊት ማግኔት አስጠግታችሁ ምስማር ፈልጉ። አንድ የተደበቀ ምስማር የመላጊያውን ስለት ያበላሸዋል።

አዲስ እንጨት የምትገዙ ከሆነ ድርቀቱን አጣሩ። አንሱት፤ እኩል መጠን ካለው ሌላ ጣውላ በጣም የከበደ ከሆነ ውሃ አለበት። ጉንጫችሁ ላይ አስጠጉት፤ ከቀዘቀዛችሁ አልደረቀም። ቤት አምጥታችሁም ወዲያው አትቁረጡት። ጥላ ሥር፣ በየመሃሉ ቀጫጭን እንጨት እያስገባችሁ ደርድሩትና ጥቂት ሳምንት ይቆይ። ጠረጴዛው ከተሠራ በኋላ ክፍሉ ውስጥ ከሚሰነጠቅ እዚያው ደርድራችሁት ቢሰነጠቅ ይሻላል።

ዕቃዎቹ

የእጅ መጋዝ፣ መላጊያ፣ የ1 ሴንቲ ሜትር መሮ፣ መዶሻ፣ ስኳድራ (የቀጥታ ማዕዘን መለኪያ)፣ ሜትር፣ ድሪል፣ ካቻቢቴ፣ ቢያንስ ሁለት ረጅም ሞርሳ (እንጨት ጨምቆ መያዣ)፣ ነጭ የእንጨት ኮላ፣ የብርጭቆ ወረቀት። ሞርሳ ከሌላችሁ ተዋሱ። ገመድ አስራችሁ በዱላ እየጠመዘዛችሁም ማጥበቅ ይቻላል፣ ይሠራል። ስኳድራችሁን ግን አታምኑት። ቀጥ ያለ ጣውላ ጠርዝ ላይ አስደግፋችሁ መስመር አስምሩ፣ ከዚያ ገልብጣችሁ እዚያው ላይ ድጋሚ አስምሩ። ሁለቱ መስመሮች ካልገጠሙ ስኳድራው ተጣሟል።

መቁረጥ

እግሮቹ አራት ናቸው፣ 6 በ6 ሴንቲ ሜትር። የመጨረሻ ርዝመታቸው 68.2 ነው፤ የላዩ 1.8 ሲጨመር 70 ይመጣል። ለጊዜው ግን በ71 ቁረጧቸው። ትርፉ ቀዳዳ ስትቆፍሩ ጫፉ እንዳይሰነጠቅ ይጠብቀዋል።

አግዳሚዎቹም አራት ናቸው፣ ሁሉም 10 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አላቸው። ሁለቱ የጎን ሲሆኑ ርዝመታቸው 47 ነው። ሁለቱ የኋላ ናቸው፣ 107። አንደኛው የኋላ አግዳሚ ከላይ፣ ሁለተኛው ከወለሉ 25 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይገባል። ከፊት አግዳሚ የለም። ሆን ብዬ ነው ያስቀረሁት፤ ጭናችሁ የሚገባው በዚያ በኩል ነው። የፊቱን ጥንካሬ ሌላ ነገር ይተካዋል፣ እንደርስበታለን።

ኮምፖርሳቶውን 116 በ58 አድርጋችሁ ቁረጡ። ከመቁረጣችሁ በፊት መስመሩን በስለታም ቢላ ጠንከር አድርጋችሁ ጫሩት፤ ጠርዙ እንዳይፈነካከት ያደርጋል። በእጅ መጋዝ ከሆነ ቆንጆው ፊት ወደ ላይ ይሁን። በኤሌክትሪክ ክብ መጋዝ ከሆነ ግን ወደ ታች፣ ምክንያቱም ጥርሱ ከታች ወደ ላይ እየነቀለ ነው የሚቆርጠው። መነጽርና የአፍ መሸፈኛ አድርጉ፤ ይህን በየቀኑ እንጨት የሚቆርጡ ሰዎችም ይዘነጉታል።

መገጣጠም

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ብዙ ሰው እግርና አግዳሚን በአንግል ብረትና በብሎን ያስራል። በአንድ ቀን ያልቃል፤ ግን ሰው በተደገፈው ቁጥር ብሎኑ እየላላ ጠረጴዛው መወዛወዝ ይጀምራል። ስትተይቡ ስክሪኑ የሚርገበገብ ጠረጴዛ ላይ መሥራት ያደክማል። እንጨት ውስጥ እንጨት ገብቶ በኮላ ሲያዝ ግን ከእኛም ዕድሜ በላይ ሊቆይ ይችላል። አያቶቻችን ያለ ብሎን የሠሯቸው በርጩማዎች ላይ ዛሬም ሰው ይቀመጥባቸዋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አግዳሚው ጫፍ ላይ ምላስ ይወጣለታል፣ እግሩ ላይ ደግሞ ምላሱ የሚገባበት ቀዳዳ ይቆፈራል። ምላሱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 1 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይኑረው፣ በአግዳሚው ውፍረት መሃል ለመሃል። ቁመቱ 7 ይሁን፤ ከላይ 2፣ ከታች 1 ሴንቲ ሜትር ተቆርጦ ይውጣ። ለምን 2.5 ብቻ? የኋላ እግሮች ላይ የጎንና የኋላ አግዳሚ ምላሶች ከሁለት አቅጣጫ ይገባሉ። ከዚህ ከረዘሙ እግሩ ውስጥ ይጋጫሉ።

ሁልጊዜ ቀዳዳውን ቀድማችሁ ቆፍሩ። የምላስን ውፍረት ከቀዳዳው ጋር ማስተካከል ቀላል ነው፤ ቀዳዳን ማጥበብ ግን አይቻልም። በ8 ሚሊ ሜትር ፑንታ (የድሪል መብሻ) ተራ በተራ ብሱ፣ ጥልቀቱን እንዳታልፉ ፑንታው ላይ ፕላስተር ጠቅልሉ። ከዚያ ግድግዳውን በመሮ አስተካክሉ። መሮ ስለት ከሌለው አደገኛ ነው፤ ኃይል ስትጨምሩ ይስታል። ሁለቱም እጃችሁ ሁልጊዜ ከስለቱ ኋላ ይሁን።

ምላሱን መስመሩን ሳታጠፉ ከውጭ በኩል ቁረጡ፣ የቀረውን በመሮ እየላጣችሁ ሞክሩት። በእጅ ተገፍቶ የሚገባ፣ ሲንጠለጠል ግን የማይወድቅ ምላስ ልክ ነው። በመዶሻ ካልሆነ የማይገባ ከሆነ እግሩን ይሰነጥቀዋል። ስምንት ምላስና ስምንት ቀዳዳ ነው ያለው፤ ሁለት ቅዳሜ ይበቃል። የመጀመሪያውን በትርፍራፊ እንጨት ተለማመዱ።

ኮላ ሳትቀቡ ሁሉንም አንድ ጊዜ ገጣጥሙት። የእግሮቹንም ትርፍ አሁን ቁረጡ። ከዚያ በሁለት ዙር አጣብቁ። በመጀመሪያ የግራውን ሁለት እግር ከጎን አግዳሚው ጋር፣ የቀኙንም እንዲሁ። በማግሥቱ ሁለቱን ጎኖች በኋላ አግዳሚዎቹ አያይዙ። ሞርሳውን ከማጥበቃችሁ በፊት ከላይ የእግሮቹን ማዕዘን ለማዕዘን ሁለቱንም አቅጣጫ ለኩ። ልኬቱ እኩል መሆን አለበት፤ 126 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይመጣል። አንዱ ከበለጠ ረጅሙን አቅጣጫ በሞርሳ ቀስ እያላችሁ ጨምቁት። የፈሰሰውን ኮላ በእርጥብ ጨርቅ ወዲያው ጥረጉ። ኮላ የነካው ቦታ ቫርኒሽ አይጠጣም፣ ነጣ ብሎ ይቀራል። አንድ ሙሉ ቀን ሳትነኩት ይቆይ።

ላዩን ማልበስ

የኮምፖርሳቶ ጠርዝ ለእጅም ለዓይንም አይመችም። 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረትና 4 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጣውላ ቁረጡና ፊቱንና ሁለቱን ጎን አልብሱት። ግድግዳ የሚነካው የኋላው ይቅር። ጣውላው ከላይ ከኮምፖርሳቶው ጋር እኩል፣ ከታች ደግሞ 2.2 ሴንቲ ሜትር ወርዶ ይታያል። የፊት አግዳሚውን የተካው ይህ ነው። ቁመቱ ላዩ መሃል ላይ እንዳይሰረጉድ ይሸከመዋል፣ ለጭናችሁም 66 ሴንቲ ሜትር ይተውላችኋል። በኮላና በየ20 ሴንቲ ሜትሩ በሚገባ ብሎን ያዙት፤ ለ4 ሚሊ ሜትር ብሎን አስቀድማችሁ በ3 ሚሊ ሜትር ፑንታ ብሱ። የፊቱን የላይኛ ጠርዝ በመላጊያ አለስልሱት። የእጃችሁ አንጓ ቀኑን ሙሉ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው።

የገመድ ቀዳዳ አሁኑኑ አውጡ፣ 6 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ የግድግዳው ሶኬት ባለበት በኩል ወደ ኋላው ጥግ። ክብ መቁረጫ ከሌላችሁ ክቡን ስላችሁ ዙሪያውን በድሪል ብሱና መሃሉን አውጡት፣ በብርጭቆ ወረቀት ጨርሱት።

ላዩ ከእግሮቹ በሁሉም አቅጣጫ 3 ሴንቲ ሜትር ይወጣል። ከኋላ ያለው 3 ሴንቲ ሜትር ለዞኮሎው (ከግድግዳው ሥር ወጣ ብሎ ለሚዞረው ጠርዝ) ቦታ ይሰጣል፤ አለዚያ ጠረጴዛው ግድግዳውን አይጠጋም። ከውስጥ በኩል በትንንሽ አንግል ብረት ከአግዳሚዎቹ ጋር እሰሩት። ወደ ላይ የሚገባው ብሎን ከ1.5 ሴንቲ ሜትር አይርዘም። ኮምፖርሳቶ ስለሆነ አጥብቃችሁ ብታስሩት ችግር የለም። ከሙሉ ጣውላ የተሠራ ላይ ቢሆን ኖሮ ግን ክረምት በገባ ቁጥር በወርዱ ያብጣል፣ በበጋ ይሰበሰባል። ለሱ የብሎኑ ቀዳዳ ሞላላ ተደርጎ መንቀሳቀሻ ካልተተወለት ይሰነጠቃል።

ማለስለስና ቫርኒሽ

በ80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ጀምሩ፣ ከዚያ 120፣ ከዚያ 180። ሁልጊዜ የእንጨቱን ጅማት ተከትላችሁ። የኮምፖርሳቶው የላይኛ ሉህ ስስ ስለሆነ እሱን በ120 ጀምሩ፣ ብዙም አትጫኑት።

የመጀመሪያውን ቫርኒሽ በአኳራጅ (የቀለም ማቅጠኛ) አቅጥናችሁ ቀቡ፣ እንጨቱ ይጠጣዋል። ሲደርቅ ገጹ ይሻክራል፤ በ220 ወረቀት ቀለል አድርጋችሁ እሹት፣ አቧራውን ጠርጋችሁ ሁለተኛና ሦስተኛ ጨምሩ። ከታች በኩልም ቀቡ፤ አንድ ወገን ብቻ የተቀባ ሰሌዳ እርጥበትን በአንድ ወገን እየሳበ ይቆለመማል። የእግሮቹን መርገጫ ደግሞ በተለይ አጥግቡት። እኛ ቤት ወለል በውሃ ነው የሚጠረገው፣ እንጨት ደግሞ ውሃን በጫፉ ነው የሚጠጣው። ከሥሩ ወፍራም ጎማ ብትለጥፉለት ያግዛል። ዝናባማ ቀን ላይ አትቀቡ፣ አየሩ ሲረጥብ ቫርኒሹ ሊደበዝዝ ይችላል። በርና መስኮት ክፈቱ፣ ሲጋራም እሳትም አጠገቡ አይድረስ።

ኮምፒውተሩ ሲመጣ

ዲቫይደሩን ወለል ላይ አትጣሉት። 25 ሴንቲ ሜትር ላይ ያስገባነው የኋላ አግዳሚ ለዚህም ነው፤ ዲቫይደሩን እሱ ላይ በብሎን እሰሩት። ወለል ሲታጠብ 220 ቮልት ከውሃው ርቆ ይውላል።

መስኮቱ ከስክሪኑ ኋላ ወይም ከጀርባችሁ እንዳይሆን አድርጉ፤ ብርሃኑ ከጎን ይምጣ። የስክሪኑ የላይኛ ጠርዝ ከዓይናችሁ ጋር እኩል ወይም ትንሽ ዝቅ ይበል። ላፕቶፕ ብቻውን ይህን አያሟላም፣ አንገት ያስደፋል። ከኮምፖርሳቶው የተረፈውን አሁን አውጡት። 40 በ25 የሆነ አንድ ሰሌዳና 15 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያላቸው ሁለት ጎኖች ቁረጡ፣ በኮላና በብሎን አያይዙ፣ ላፕቶፑን ከላዩ አስቀምጡና ለብቻው የሚሰካ ኪቦርድ ጨምሩበት። ማታ ኪቦርዱ ከሥሩ ይገባል፣ ጠረጴዛውም ለልጆች የቤት ሥራ ይለቀቃል።